«የጣሊያን ናት» የሚሏት ብስክሌት

በራያ ቆላ አሮጌ ነገር ሁሉ የጣሊያን ነው። ድልድዩ የጣሊያን፣ ወፍጮው የጣሊያን፣ የድንጋይ ግንቡ የጣሊያን፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ በርሜል እንኳ የጣሊያን። ቆቦ ላይ ብስክሌት እየጠገንኩ ስኖር «ይቺ እኮ የጣሊያን ናት» የሚለውን ያህል ደጋግሜ የሰማሁት ነገር የለም። ባለቤቱ እንዲህ ሲል ዋጋዋን ከፍ ማድረጉ ነው፤ ብረቷ የዋዛ አይደለም፣ ከዛሬው ዕቃ ጋር አታወዳድራት ማለቱ ነው። እኔ ግን ቃሉን እንደ ታሪክ ወስጄ መመርመር ጀመርኩ፤ ምክንያቱም በዚህ አባባል ሥር የተቀበሩ የራሳችን ሰዎች አሉ።

ምርመራውን ያስጀመረችኝ የአጎቴ ብስክሌት ናት። አጎቴ ሲያርፍ ለኔ ደረሰችኝ። ሲታዩ ከሚውሉት የከተማችን ብስክሌቶች ጋር አትመሳሰልም። ቱቦዎቿ ቀጠን ያሉ፣ ቁመናዋ ረዘም ያለ ነው። የኋላ ሹካዋ ላይ ዕቃ መጫኛና ፓራፋንጎ የሚታሰሩባቸው ቀዳዳ ያላቸው ጆሮዎች አሉ፤ ከቴላዮው ጋር በነሐስ የተበየዱ የፖምፓ መስቀያዎችም አሉ። ይህ ሁሉ ለረጅም መንገድ የተሠራች መሆኗን ይናገራል። ከገበያ እህል ለማመላለስ ብቻ የተሠራች ብስክሌት እንዲህ ያለ ጣጣ የላትም። ቀለሟ ግን ምንም አይናገርም ነበር። ሰማያዊ ተቀብታለች፣ ከሥሩ ብርማ፣ ከሥሩ ቀይ፣ ከዚያም ሥር አረንጓዴ። አንገቷ ላይ የነበረው የፋብሪካው ሰሌዳ ወልቆ የተመታባቸው ሁለት ቀዳዳዎች ብቻ ቀርተዋል።

በቤተሰባችን ስለ እሷ ሁለት ታሪክ ይነገራል። አንደኛው ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲሸሽ ጥሏት ሄደ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ጣሊያንን ሲያሳድድ ያለፈ የእንግሊዝ ወታደር ለአጎቴ አባት ሸጠላቸው ይላል። ሁለቱም ከመሬት የተነሱ አይደሉም። በቆቦ መካከል የሚያልፈው አውራ ጎዳና ጣሊያን ከ1928 ዓ.ም. በኋላ አስመራን ከአዲስ አበባ ለማገናኘት የሠራውና «የድል መንገድ» ብሎ የሰየመው ነው። መጋቢት 22 ቀን 1928 ማይጨው ላይ ከተዋጋ በኋላ ጦሩ ወደ ደሴ የወረደው በዚሁ በኩል ነው። አምስት ዓመት ቆይቶ ነገሩ ተገለበጠ። የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ደሴን ያዘና መንገዱን ይዞ ወደ ሰሜን ወጣ፤ የጣሊያኑ እንደራሴ የአኦስታው መስፍን አምባ አላጌ ላይ እጁን የሰጠው ግንቦት 11 ነው። እንግዲህ ሁለት የባዕድ ጦር በደጃችን አልፏል። ብስክሌት ጥሎ ማለፉን ግን ብስክሌቷ ራሷ ትመስክር እንጂ ጦሩ ስላለፈ ብቻ አይታመንም።

ብስክሌት ትናገራለች። የት እንደሚነካት ማወቅ ነው። ይህን ያስተማሩኝ ደሴ ላይ ያገኘኋቸው፣ ሙያውን አስመራ የተማሩ አሮጌ መካኒክ ናቸው። «ቀለሟንና ስሟን ተወው፤ ሁለቱም ይቀየራሉ። ጥርሷን ቁጠር» ይሉኝ ነበር። ጥርስ ሲሉ የቡሎኑን ጥርስ ማለታቸው ነው።

በጎማው ጀመርኩ፤ ብዙም አልረዳኝም። ጎማዋ 26 በ1⅜ የሚባለው ነው፤ የቸርኬው መቀመጫ ዲያሜትር 590 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህ ልክ እንግሊዝም ጣሊያንም የሠሩበት ነው። የፈረንሳይ ብትሆን ኖሮ 584 የሚለካውን ማግኘት ይቻል ነበር፤ ስለዚህ ፈረንሳይን ወደ ጎን አደረግኳት እንጂ ሌላ አላተረፍኩም።

ራጂዎቹን ስቆጥር ነገሩ ጠራ። ፊት 32፣ ኋላ 40። የጣሊያን ብስክሌት በተለምዶ ፊትም ኋላም 36 ነው። ክብደት የሚያርፈው በኋላ እግር ነው ብሎ ከፊት ቀንሶ ለኋላ የሚጨምር እንግሊዝ ነው። ይህ ብቻውን ግን አያበቃም፤ የእንግሊዝን ሥራ የቀዱት ሕንድና ቻይናም 32 እና 40 ያደርጋሉ። ዛሬ በኛ ቆላ የሚሽከረከሩት ብስክሌቶች አብዛኞቹ የዚያ ቤተሰብ ናቸው። የሻንጋዩ ፎኒክስ፣ ከ1950 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቲያንጂን የተሠራው ፍላይንግ ፒጅን፣ በ1956 እ.ኤ.አ. ሉዲያና ላይ ሥራ የጀመረው ሂሮ፣ ሁሉም ፍሬናቸው በብረት ዘንግ የሚሠራ፣ ትልቅ ጎማ ያላቸውና ከኖቲንግሃሙ ራሌይ አምሳያ የወረዱ ናቸው። ሰው «የጣሊያን» ብሎ ከሚያመጣልኝ መካከል ስንቱን ገልብጬ የሻንጋይ ሆኖ አግኝቼዋለሁ!

ቀጥዬ ወደ መቀመጫው ዘንግ ሄድኩ። ካሊፐሩ 27.2 ሚሊ ሜትር አነበበ። የተለመዱት ከባድ ብስክሌቶች ዘንጋቸው 25.4 ነው። ቱቦው ውጭው ያው ሆኖ ዘንጉ ወፍራም የሚሆነው ግድግዳው ስስ ሲሆን ነው፤ ግድግዳው ስስ የሚሆነው ደግሞ ብረቱ ጥሩ ሲሆን ነው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ቱቦ የሚሠሩ ስመ ጥር ቤቶች የበርሚንግሃሙ ሬይኖልድስ እና የሚላኑ ኮሎምበስ ነበሩ። ሬይኖልድስ 531 የተባለውን ከማንጋኒዝና ከሞሊብዲነም ጋር የተቀላቀለ ብረቱን ያወጣው በ1935 እ.ኤ.አ. ነው። ሚላን ስል የሰሙ ዘመዶቼ «አላልንህም?» ብለው ደስ አላቸው።

ፍርዱ ግን ያለው ፔዳሉ በሚዞርበት አግድም ቱቦ ውስጥ ነው። እዚያ ግራና ቀኝ ኩሽኔታው የሚሽከረከርባቸው ሁለት የብረት ኩባያዎች አሉ፤ በጥርስ ይገባሉ። ጣሊያን ሁለቱንም በአንድ አቅጣጫ ያስራቸዋል፤ የቱቦው ልክ 36 ሚሊ ሜትር ነው። እንግሊዝ ግን በካቴናው በኩል ያለውን የቀኙን ኩባያ በተቃራኒ ጥርስ ያስረዋል፤ ሰው ሲነዳ ኩባያው በራሱ እንዳይፈታ ነው። ልኩም 1.370 ኢንች፣ ወደ 34.8 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። እንግዲህ ቀኙን ኩባያ እንደ ማንኛውም ቡሎን ወደ ግራ ስታዞረው ከተፈታ ጣሊያን ወይም ፈረንሳይ ይሆናል፤ ወደ ቀኝ ከተፈታ እንግሊዝ ነው። ዝገቱን በናፍጣ አርሼ አሳደርኩት። ጠዋት ቁልፉን ሳዞር ወደ ቀኝ ተፈታ።

ጥርሱን ለመቁጠር ኩባያውን አጥቤ ወረቀት ጠቀለልኩበትና በእርሳስ ጎን አሸሁት። በሩብ ኢንች ውስጥ ስድስት መስመር ወጣ፤ በኢንች 24 ማለት ነው። ይህ ቁጥር ትልቅ ነገር ይለያል። ራሌይ በገዛ ፋብሪካው የሚሠራቸውን ብስክሌቶች በኢንች 26 ጥርስ ነበር የሚያበጃቸው፤ ማንም ሌላ ጥርስ እንዳይገባለት አድርጎ። ስለዚህ ብስክሌቷ የእንግሊዝ ናት፣ ራሌይ ግን አይደለችም።

እዚህ ላይ ነው በኛ አገር ያለ ዕውቀት ያገዘኝ። ራያ ጠመንጃ ያውቃል። ድሮ ውጅግራን ከምንሽር፣ ምንሽርን ከቤልጅግ ለመለየት ፈረንጅኛ ማንበብ አላስፈለገም፤ አፈሙዙን፣ ምላጩን፣ በብረቱ ላይ የተመታውን ማኅተም አይቶ አገሩንና ደረጃውን የሚናገር ሰው በየመንደሩ ነበር። አሁን እያለቁ ነው። ከነሱ አንዱ የሆኑ ሽማግሌ ወደ ሱቄ ጎራ ሲሉ የፔዳሉን ትልቁን ጥርስ አጥቤ በፀሐይ ላይ አኑሬው ነበር። በክቡ ውስጥ ሦስት የላቲን ፊደሎች ተቀርጸውበታል፤ ቢ፣ ኤስ፣ ኤ።

«አባ፣ አንቱ ይህን ጽሕፈት ያውቁታል?» አልኳቸው።

ጎንበስ ብለው በጣታቸው ዳሰሱት። «የእንግሊዝ ጠመንጃ ፊደል ናት እንጂ! ከምላጩ በላይ፣ ሰደፉ ከሚገባበት ብረት ላይ ተመትታ አይቻታለሁ። ከብስክሌት ጋር ምን አገናኛት ልጄ?»

ያገናኛትማ ፋብሪካው ነው። በርሚንግሃም ስሞል አርምስ በ1861 እ.ኤ.አ. ጠመንጃ ሠሪዎች ተሰብስበው ያቋቋሙት ድርጅት ነው። የጠመንጃ ሥራ በሰላም ጊዜ ሲቀዘቅዝ ያንኑ ማሽንና ያንኑ እጅ ይዞ በ1880ዎቹ ወደ ብስክሌት ገባ። ምልክቱ እርስ በርስ ተደጋግፈው የቆሙ ሦስት ጠመንጃዎች ናቸው። ሽማግሌው ያሉትን ሰምቼ በፔዳሉ ክንድ ውስጠኛ ጎን ያለውን ዝገት ስፍቅ ሦስቱ ጠመንጃዎች ወጡ። የእንግሊዝን ጦር ያስታጠቀውን ሊ-ኤንፊልድ የሠራ ቤት፣ የአጎቴንም ብስክሌት ሠርቷል።

ቸኩሎ መደምደም ግን አይገባም። ይህ ድርጅት ዕቃውን ለብቻውም ይሸጥ ነበር፤ ማንም ብስክሌት ሠሪ ጥርሱን፣ የጎማው እምብርት የሆነውን ሞዞውን፣ ኩባያውን ገዝቶ በራሱ ቴላዮ ላይ ይገጥማል። የ24 ጥርሱ ልክ ራሱ እስከ ዛሬ በዓለም ላይ የሚጠራው በዚህ ድርጅት ስም ነው። ከዚያም በላይ የብስክሌት ክፍሉ በ1957 እ.ኤ.አ. ለራሌይ ተሸጠ፤ ስሙ ከጊዜ በኋላ ሕንድ ውስጥ በሚሠሩ ብስክሌቶች ላይም ወጣ። ስለዚህ አንድ ክፍል ብቻውን ከመሰከረ ለብቻው የመጣ ሊሆን ይችላል እላለሁ። የጠመንጃዎቹን ምልክት ግን በፊተኛው ሞዞም፣ በአንገቱ ኩባያም አገኘሁት። ክንድ፣ ሞዞ፣ አንገት፤ በሦስት የተለያየ ጊዜ የሚያልቁ፣ በሦስት የተለያየ ቁልፍ የሚፈቱ ክፍሎች ናቸው። ሦስቱም አንድ ቃል ከተናገሩ ብስክሌቷ ከነአካሏ ከዚያ ቤት ወጥታለች።

ዕድሜዋ የተጻፈው ደግሞ በኋላ እግሯ ላይ ነው። የኋላ ሞዞዋ ሦስት ማርሽ በሆዱ የያዘው፣ ኖቲንግሃም ይሠራ የነበረው ስተርሜይ-አርቸር ነው። ኤ ደብልዩ የተባለው ይህ ዓይነት ከ1936 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራ ሲሆን መካከለኛው ማርሽ እንዳለ ይነዳል፣ ዝቅተኛው ሩብ ይቀንሳል፣ ከፍተኛው ሲሶ ይጨምራል። ፋብሪካው በሞዞው ቅርፊት ላይ የተሠራበትን ዓመትና ወር ይመታበት ነበር። ግራሶውን በጨርቅ ስጠርገው 52 እና 7 የሚሉ ቁጥሮች ብቅ አሉ። ሐምሌ 1952፤ በኛ አቆጣጠር የ1944 ማብቂያ። ሞዞው በኋላ የተተካ ይሆን? ቴላዮው ላይ የማርሹን ሽቦ የሚመራው ትንሽ መዘውር መቀመጫ በነሐስ ተበይዶ ያለው ከታችኛው ቀለም ሥር፣ ከአረንጓዴው ሥር ነው። ቴላዮዋ ከመጀመሪያው ማርሽ ላለው ሞዞ ተሠርታለች ማለት ነው፤ የሹካው ጫፍም አንድ ዓይነት የቡሎን ንክሻ ብቻ ነው ያለበት።

በዚህች ቁጥር ሁለቱም የቤተሰባችን ታሪኮች ወደቁ። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ሲሸሽ ይህች ብስክሌት አልተወለደችም። ወደ አላጌ ያለፈውም ወታደር ሊሸጣት አይችልም።

ታዲያ ማን አመጣት? ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት። ከዚያ በፊትም ትናገር ነበር፤ የሰማት ግን የለም፤ ወንዶቹ ሁሉ «የጣሊያን ናት» ብለው ነገሩን ዘግተውታል። አጎቴ ወንድሟ በወጣትነቱ የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ ትሬንታ ኳትሮ በሚባለው፣ ጣሊያን ትቶት በሄደው ፊያት። ከቆቦና ከአላማጣ ማሽላ ጭነው ወደ ሰሜን ይወጣሉ፤ መቀሌ፣ አንዳንዴም አስመራ ይደርሳሉ። ሲመለሱ ጨው፣ ጨርቅ፣ የቤት ዕቃ ይዘው ይወርዳሉ። እናቴ ልጅ ሳለች አንድ ቀን መኪናው ከግራ ካሕሱ ዳገት ቁልቁል ወርዶ ሲመጣ ብስክሌቷ በባዶ ጆንያ ተጠቅልላ ከላይ ታስራ ነበር። «በገዛ ደመወዙ ነው የገዛት። በብር ነው የከፈለ፤ ሽልንግ ቀርቷል ሲል ሰምቸዋለሁ» አለችኝ።

ይቺ የመጨረሻዋ ቃል ቀልቤን ሳበችው። እንግሊዝ ኤርትራን ባስተዳደረበት ጊዜ አስመራ የሚገበያየው በምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ነበር። መስከረም 5 ቀን 1945 ዓ.ም. እንግሊዝ ወጥቶ የኢትዮጵያና የኤርትራ ፌዴሬሽን ሲጀመር የኢትዮጵያ ብር ተተካ። ኖቲንግሃም ላይ በሐምሌ የተመታ ሞዞ በርሚንግሃም ሄዶ ቴላዮ ላይ ተገጥሞ፣ መርከብ ተሳፍሮ ምጽዋ ለመድረስ ወራት ይፈልጋል። እናቴ ያለችው ብር እና ሞዞው ላይ ያለው ቁጥር ተያይተው አያውቁም፤ የሚናገሩት ግን አንድ ነገር ነው። ብስክሌቷ አስመራ የገባችው ከፌዴሬሽኑ በኋላ፣ በንግድ ነው።

የግዢ ወረቀት ነበራት ይባላል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ቆቦ እጅ ስትቀያየር የብዙ ቤት ወረቀት ጠፍቷል፤ የኛም። አሁን ያለን ማስረጃ የእናቴ ቃልና ብረቱ ናቸው። ለዚህም ነው ብረቱን መመርመር የዝገት ሥራ ነው ብዬ የማልንቀው።

«የጣሊያን» የሚለው ቃል የት እንደተጣበቀባት መገመት አይከብድም። ያመጣት መኪና የጣሊያን ነበር፤ የመጣችበት መንገድ የጣሊያን ነበር፤ አስመራ የሸጧትና የጠገኗትም እጆች ጣሊያኖች ወይም ከጣሊያን የተማሩ ይሆናሉ። አጎቴም ሲጠግናት ያገኘውን ነው የገጠመላት፤ የዛሬው መሪዋ የፊተኛው ጎንበስ ብሎ የሚያዘው አይደለም፤ ቀጥ ያለ የከተማ መሪ ነው። መንገድና መኪና ትቶልን የሄደው ጣሊያን ስለሆነ በመንገዱ ላይ ያለፈውን ሁሉ ለጣሊያን ሰጠነው። በዚያ መንገድ ጆንያ ላይ ተቀምጦ፣ በአቧራ ተሸፍኖ፣ የረዳት ደመወዙን አጠራቅሞ ብስክሌት የገዛውን የቆቦ ልጅ ግን ከታሪኩ አወጣነው። የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። አጎቴ ወድቆ የተገኘ ዕቃ አላነሳም። መርጦ፣ ተከራክሮ፣ ከፍሎ ነው የገዛው።

የመረጠውም አውቆ ነው። ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ በምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ በምዕራብ የላስታ ደጋ የከበባት ሜዳ ናት። ከሮቢት እስከ ዋጃ ድረስ ሰው ብዙም ሳይለፋ ይነዳል፤ ለዚህም ነው ብስክሌት በኛ ዘንድ የሠረጸው። ከአላማጣ በላይ ግን ግራ ካሕሱ ይጀምራል፤ ኮረም ሲደረስ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው። ለሜዳው አንድ ማርሽ ይበቃል። ሦስት ማርሽ የገዛ ሰው ዳገት ያሰበ ሰው ነው። እናቴ እንደምትለው ወደ ኮረም ዘመድ ጥየቃ ይሄድባት ነበር፤ ዳገቱን የቻለውን ነድቶ፣ የቀረውን እየገፋ። ቆላው ላይ የሚያስቸግረው የግራር እሾህ ነው። ከቸርኬው ውስጥ ያወጣሁት አሮጌ ከመነዳሪ በላዩ ላይ ጥጋኝ የሌለበት ቦታ የለውም፤ ከጥጋኙም በላይ ጥጋኝ አለው። ይህን ያህል የተነዳች ብስክሌት ናት።

አሁን ብስክሌት ለቀለም ሲመጣልኝ አስቀድሜ እገለብጠዋለሁ። ከፔዳሉ ቱቦ ሥርና ከመቀመጫው ሥር ያለውን ቁጥር፣ የራጂውን ብዛት፣ የሞዞውን ጽሕፈት፣ የቀኙ ኩባያ ወደየት እንደሚፈታ በደብተር እጽፋለሁ። ከዚያ በታች ባለቤቱ ከማን እንደወረሰው፣ ያ ሰው ምን ይሠራ እንደነበር፣ በስንት እንደገዛው። የሴቶቹን ቃል እጠይቃለሁ፤ ዋጋ የሚያስታውሱት እነሱ ናቸው።

በቅርቡ ከዋጃ አንድ ወጣት የአያቱን አመጣልኝ። ፍሬኑ የሚሠራበት ዘንግ በመሪው ቱቦ ውስጥ ተደብቆ ያልፋል፤ ራጂው ፊትም 36፣ ኋላም 36። የመቀመጫውን ዘንግ የሚያጠብቀው ቡሎን ከኋላ መሆኑ ቀርቶ ከፊት ለፊት ነው፤ ይህ የሌኛኖ ቤት ልማድ ነው። የቀኙን ኩባያ ወደ ግራ አዞርኩት፤ ተፈታ። ልጁን «ያንተስ እውነትም የጣሊያን ናት» አልኩት። አያቱ ደሴ ላይ፣ የሁለት በሬ ዋጋ ከፍለው ነው የገዟት።